የኢሜይል መግቢያና የእንግዳ መተግበሪያዎች ሥርዐት

በላስታ ተራሮች መካከል በምትገኘው በላሊበላ ከተማ፣ የልደት በዓል በተቃረበ ቍጥር አስጐብኚውም ባለሆቴሉም ከባሕር ማዶ እንግዶች ጋራ በኢሜይል ይጻጻፋልና፣ የቀድሞ የያሁ አድራሻውንና የኋለኛውን ጂሜይል በአንድ ስልክ አጣምሮ ለማንበብ ሲል ሌላ ወገን የሠራውን የደብዳቤ መተግበሪያ የሚጭን አይታጣም። ይህ መተግበሪያ በመልእክት ሣጥኑና በባለቤቱ መካከል የቆመ ሦስተኛ ወገን ነውና፣ በምን ሥልጣን እንደሚገባ መመርመር ይገባል።

በቀድሞው ሥርዐት ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ለመተግበሪያው ይሰጠው፣ መተግበሪያውም በማኅደሩ አኑሮ ደብዳቤ በፈለገ ቍጥር ያንኑ ቃል ያቀርብ ነበር። የዚህም ነውሩ፣ ለደብዳቤ ብቻ የተጠራው መተግበሪያ የመለያው ሁሉ ጌታ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጎግል ይህን መንገድ ለግል ደንበኞቹ ከግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዘጋው፤ ማይክሮሶፍትም በግል የአውትሉክ አድራሻዎች ላይ መስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ዘጋ። በአሮጌ መተግበሪያ ትክክለኛውን ቃል እየጻፈ «ስሕተት ነው» የሚባል ሰው፣ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በዚሁ ነው።

በምትኩ የቆመው ሥርዐት ኦውዝ ይባላል። መተግበሪያው ባለቤቱን ወደ ራሱ ወደ ጎግል ገጽ ይሰደዋል፤ ባለቤቱም በዚያ ቃሉን ጽፎ ሲፈቅድ፣ መተግበሪያው የሚቀበለው ወሰኑ የታወቀ የፈቃድ ማኅተም ብቻ ነው፤ ቄሰ ገበዙ የቤተ መድኃኔ ዓለምን መስቀል ራሱ አውጥቶ ያሳያል እንጂ የዕቃ ቤቱን ቍልፍ ለምእመኑ እንደማያስረክብ ማለት ነው። ፈቃዱን መሻር የፈለገ በመለያው የደኅንነት ክፍል ገብቶ ከዝርዝሩ ይሰርዘዋል፤ መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ብቻውን ፈቃዱን እንደማይሽር ግን ብዙ ሰው ይዘነጋል።

ኦውዝን ለማያውቅ መተግበሪያ፣ ከይለፍ ቃሉ በላይ ቍጥርን የመሰለ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቀውን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ላበራ ሰው ጎግል 16 የላቲን ፊደላት ያሉት የተለየ ቃል ያወጣለታል፤ ዋናው የይለፍ ቃል ሲለወጥ ይህም ይሻራል። እኔ ግን ይህ የተለየ ቃል ሁለተኛውን ደረጃ ዘሎ የሚያስገባ ነውና፣ መተግበሪያውን መለወጥ ይሻላል እላለሁ።

ሁለተኛው ደረጃም ቢሆን በላስታ የራሱ ፈተና አለው። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላሊበላ በደረሰ ጊዜ ስልክም መብራትም ተቋርጦ ነበር፤ በሰላሙም ቀን ሆቴሉ ዋይፋይ እያለው የሞባይል ኔትወርክ ከጠፋ፣ በጽሑፍ መልእክት የሚጠበቀው ቍጥር አይደርስም። በስልኩ ውስጥ በየ30 ሰከንዱ ቍጥር የሚያፈልቀው የማረጋገጫ መተግበሪያ ኔትወርክ አይሻም፤ ነገር ግን ቍጥሩን የሚያሰላው ከስልኩ ሰዓት ስለ ሆነ፣ በሀገራችን አቈጣጠር ለማንበብ ብሎ ሰዓቱን በእጁ 6 ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰ ሰው የሚያወጣው ቍጥር ሁሉ ተቀባይነት ያጣል። ሰዓቱን በራሱ እንዲስተካከል መተው ይበቃል።

ከሁሉ ይልቅ የማምነው ግን ወረቀቱን ነው። ጎግል ባለ 8 አኃዝ 10 የመጠባበቂያ ቍጥሮችን ይሰጣል፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። እነዚህ ተጽፈው ከስልኩ ተለይተው በሣጥን መቀመጥ አለባቸው፤ አዲስ ዝርዝር ሲወጣም አሮጌው ዋጋ ስለሌለው ወረቀቱን በዚያው ቀን መለወጥ ያሻል።