ከሐይቅ እስከ ውጫሌ፦ የአንዲት ቃል ነገር

ከኢፍጣር በኋላ ቡናው እስኪፈላ ለልጆች የሚሆን ጥያቄ ይዘናል። የሐይቅ ከተማ ስሟን ከየት አገኘች? ቀላል ነው፤ ከአጠገቧ ካለው ውሃ። ቀጣዩ ግን ከበድ ይላል፤ አገር ያዋጋችው ቃል የትኛዋ ናት?

ከሐይቅ በወልድያ መንገድ ሲዘልቁ አምባሰል ውስጥ ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና ኢጣልያ የተዋዋሉባት ናት። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። የአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ካልፈለጉ ይተዉታል። የጣልያንኛው ግን በዚያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል የሚል ነበር። ሮም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት አለች።

ጠቡ ዓድዋ ደረሰ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የወሎ ፈረሰኛም በራስ ሚካኤል እየተመራ እዚያው ነበር። ውሉም በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ስምምነት ተሻረ።

እስቲ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁ «ይቻላል»ንና «ይገባል»ን በምሳሌ ይለዩላችሁ። ካቃታቸው ይቺን ንገሯቸው፦ መንገደኛ በረመዳን ማፍጠር ይቻለዋል፤ በኋላ ቀዷ ማውጣት ግን ይገባዋል።