የነጋዴ ዕረፍትና የመንገድ ማዕድ

በሲራራ ንግድ ዘመን የዕረፍትን ሰዓት የሚወስነው ነጋዴው ሳይሆን አጋሰሱ ነበር። በቅሎው ሲደክም ጭነት ይራገፋል፤ ከዛፍ ጥላ ሥር እሳት ይነዳል፤ ስንቅ ይፈታል፤ የአገሩም ሰው ወተቱንና ማሩን ይዞ ለመሸጥ ይመጣል። ስለዚህ ያ ነጋዴ መንገዱ ምንም ቢረዝም በየሰፈሩ ያርፍ፥ የየአገሩንም ማዕድ ይቀምስ ነበር። ዛሬ ግን ዕቃችንን የሚያመላልሰው የጭነት መኪናና ባቡር፥ ትእዛዛችንንም የሚያደርሰው ስልክ ነው፤ እነዚህም ደከመን ብለው አይተኙም። እንግዲህ የማረፊያውን ሰፈር ራሱ ያልቆረጠ ነጋዴ የሚያስቆመው የለም።

ይህ ጸሐፊ ነገሩን የተማረው ዘግይቶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐኪም የደም ግፊቴን ለክቶ፥ «መድኃኒቱን እጽፍልዎታለሁ፤ ዕረፍቱን ግን ከመድኃኒት ቤት አያገኙትም» አለኝ። እኔም ትእዛዙን የፈጸምሁ መስሎኝ ቤተ ሰቤን ይዤ ወደ ሐዋሳ ወረድሁ። በሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ገና ትኩስ እንዳለ ሲቀርብልን ስልኬ ጮኸ፤ ዕቃዬን ከጉምሩክ የሚያወጣልኝ ትራንዚተር ነበር። ንግግሩን ፈጽሜ ስመለስ ልጆቼ በልተው ተነሥተዋል፤ የእኔ ድርሻ ቀዝቅዟል፤ ባለቤቴም ብቻዋን ተቀምጣ አገኘኋት። «አንተ እኮ ሱቁን አልዘጋኸውም፤ ይዘኸው መጣህ እንጂ» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አልነበረኝም።

በሚከተለው ዓመት ጉዞውን እንደ ዕቃ ግዢ አድርገን አሰብነው። ቀኑ፥ መንገዱ፥ ወጪውና በሱቁ የሚተካው ሰው አስቀድሞ ተቆረጠ። አቅጣጫችንም ወደ ምሥራቅ፥ ይኸውም ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ሆነ።

ጊዜውን ስለ መምረጥ

በአገራችን የማዕድ ነገር ከቀን መቁጠሪያ ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፥ አጽዋማትን ሳይመለከቱ የአገር ምግብ ለመቅመስ መነሣት ገበያ በማይውልበት ቀን ዕቃ ጭኖ እንደ መሄድ ነው። እኛ የመረጥነው ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ኅዳር 14 ቀን ያለውን ጊዜ ነበር። በዚያ ወራት የበጀት ዓመቱ ሒሳብ ተዘግቶ ግብር ተከፍሏል፤ የቆላውም ሙቀት በርዷል፤ የነቢያት ጾም የሚገባው ደግሞ ኅዳር 15 ቀን ነው። የረመዳን ጾም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚገባ፥ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው መግቢያውን አስቀድሞ ይመልከት፤ በጾሙ ወራት ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋልና። ማታ የሚቀርበው የማፍጠሪያ ማዕድ ግን ራሱን የቻለ በረከት ነው። ረቡዕንና ዓርብን የሚጾም ቤተ ሰብም ለእነዚያ ቀኖች ፍራፍሬውንና የጾሙን ወጥ ይመድባል። ክርስቲያንና ሙስሊም ወዳጆች አብረው የሚጓዙ እንደ ሆነ፥ ሥጋ ቤቱ የተለያየ መሆኑን አስቦ ሁሉም በጋራ የሚበላውን ማብዛት የጨዋ ደንብ ነው።

ከቀኑ ቀጥሎ የሚታሰበው ተተኪው ነው። ለተተኪው የመጋዘን ቁልፍ ብቻ ሰጥቶ መሄድ አይበቃም፤ ሥልጣንም መስጠት ያስፈልጋል። ስለዚህ እስከ ስንት ብር ድረስ በዱቤ እንደሚሸጥ፥ ከየትኛው ደንበኛ ቼክ እንደሚቀበል፥ ዋጋ ቢጨምር ምን እንደሚያደርግ ለጸሐፊያችን በጽሑፍ ሰጠነው። በስልክም በቀን አንድ ጊዜ፥ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ብቻ ሊደውልልኝ ተስማማን።

ከባቡር እስከ ድሬዳዋ

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጥንቱ ባቡር ዛሬ ከዚህ አይነሣም፤ በስፍራው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ተተክቷል። የሚነሣበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባል። ባቡርን የመረጥነው መኪና የሚነዳ ሰው ዐይኑ ከመንገዱ ስለማይነሣ አገር አያይም ብለን ነው። ባለቤቴ እንደ ጥንቱ ልማድ ስንቅ ሠርታ ነበር፤ ይኸውም ዳቦ ቆሎ፥ ቋንጣ፥ እንዲሁም በገብስ ዱቄትና በተነጠረ ቅቤ የተለወሰ ጭኮ ነው። የበሰቃን ሐይቅና የፈንታሌን ተራራ በመስኮት እያየን ስንቁን ፈታን። ከፊታችን የተቀመጡ መንገደኞች ብርቱካናቸውን አካፈሉን፤ እኛም ጭኮውን አካፈልናቸው። ከአዲስ አበባ ከወጣን ገና ጥቂት ሰዓት ቢሆን ነው፤ እኔ ግን ከማላውቀው ሰው ጋራ ስለ ዋጋ ሳልነጋገር ከተቀመጥሁ ስንት ዓመት እንደ ሆነኝ አሰብሁ።

ድሬዳዋ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች፥ በንግድ ያደገች ከተማ ናት። ቢሆንም ነጋዴዋ ማረፍን ያውቃል። ሙቀቱ ሲበረታ ብዙ ሱቆች ቀትር ላይ ተዘግተው ፀሐይ ስትበርድ እንደገና ይከፈታሉ። በመጀመሪያው ቀን እኔ ይህን ስንፍና ብዬ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ግን ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ።

ከዚህች ከተማ የማይረሳው የጧቱ ፈጢራ ነው። ሊጡ በእጅ እየተወጠረ እንደ ሻሽ ከሳሳ በኋላ ዕንቍላል ይገባበትና ተጣጥፎ በዘይት ይጠበሳል፤ ማር ፈሶበትም ከሻይ ጋራ ይቀርባል። ይህን የሚያዘጋጀው ሰው አይቸኩልም፤ ቢቸኩል ሊጡ ይቀደድበታል። ማታ ደግሞ በከፊራ ገበያ አካባቢ ትኩስ ሳምቡሳ፥ ሙሸበክና ሐላዋ ይገኛል። ልጆቻችን ከሁሉ ይልቅ ሙሸበኩን ወደዱ።

ሐረርና የቡናው ገለባ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በደንገጎ በኩል ሽቅብ ስለሚወጣ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከቆላው ሙቀት ወደ ደጋው ነፋስ ይደረሳል። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ናት። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ግንብ የከበበው ጀጎልም በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። እኛ ያረፍነው ከግንቡ ውስጥ፥ ለእንግዳ ማረፊያ በሆነ በአንድ የጥንት የሐረሪ ቤት ነበር። መቀመጫው ደረጃ ደረጃ ሆኖ በቀይ ቀለም የተቀባ መደብ፥ የግድግዳውም ጌጥ ባለ ብዙ ቀለም ስፌትና ሳሕን ነው።

ይህ ጸሐፊ ለብዙ ዓመታት የሐረርን ቡና ወደ ውጭ አገር ሲልክ የኖረ ነው። ደረጃውን፥ የእርጥበቱን መጠንና የዋጋውን መውጣትና መውረድ በቃሉ ያውቃል። ወደ ሐረርም ብዙ ጊዜ መጥቷል፤ ነገር ግን የመጣው ሁሉ ጧት ደርሶ ማታ ለመመለስ ነበር። የቤቱ እመቤት ሥራዬን ጠይቀው ቡና ላኪ መሆኔን በሰሙ ጊዜ፥ «ልጄ፥ ፍሬውን ትልካለህ፤ ገለባውንስ ቀምሰኸዋል?» አሉኝ። አልቀመስሁም ነበር።

እንደሚታወቀው ሁሉ የሐረር ቡና ሳይታጠብ ከነቅርፊቱ በፀሐይ ደርቆ የሚፈለፈል ነው። የሚቀረውን ገለባ የአገሩ ሰው አፍልቶ ሐሸራ ብሎ ይጠጣዋል፤ ከተቆላው የቡና ቅጠል ደግሞ ወተት ጨምሮ ቁጢን ያፈላል። እመቤቲቱ ሁለቱንም አቀረቡልን። ሐሸራው ቀለሙ እንደ ሻይ የቀላ፥ ጣዕሙ ለስለስ ያለና ወደ ፍራፍሬ የሚያደላ ነው። ቁጢው ጨው ጣል የተደረገበት ስለ ነበረ በመጀመሪያ እንግዳ ሆነብኝ፤ በሁለተኛው ሲኒ ግን ወደድሁት። በዚያ መደብ ላይ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀትር ተቀምጠን ቈየን።

ከተመለስሁ በኋላ ነገሩን ስመረምር፥ የአውሮፓ ኅብረት የቡና ቅጠልን ፍል በ2012 ዓ.ም.፥ በውጭ ካስካራ የሚባለውን የደረቀ የቡና ፍሬ ሥጋ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. በገበያው እንዲሸጥ የፈቀደ መሆኑን አገኘሁ። የቡና ላኪ አንባብያን ይህን ልብ ይበሉት። እኔ በሥራ በተመላለስሁበት ዘመን ሁሉ ያላየሁትን፥ ሥራ ሳልይዝ በተቀመጥሁበት አንድ ጧት አየሁት።

ይህን መጻፌ ግን ዕረፍት ሁልጊዜ ትርፍ ያስገኛል ለማለት አይደለም። እውነቱን ለመናገር ኪሳራም ነበረበት። ስንመለስ ጸሐፊያችን ለአንድ ደንበኛ ከተወሰነው በላይ በዱቤ ሰጥቶ አገኘሁት፤ ገንዘቡም እስካሁን ተጠቃሎ አልተከፈለም። ሒሳቡን ከመዝገቡ ላይ ሳየው ተናደድሁ። ከዚያ በኋላ ግን በሐኪሙ ዘንድ የተለካውን አዲሱን የደም ግፊቴን ቍጥር ከዚያው መዝገብ ጐን ጻፍሁት። ወርዶ ነበር። ሁለቱን ቍጥሮች አስተያይቼ የዱቤውን ወሰን በሚመጣው ዓመት ዝቅ ለማድረግ ወሰንሁ እንጂ፥ ጉዞውን ለመተው አልወሰንሁም።

ስለዚህ ለሥራ ጓደኞቼ የምመክረው ይህ ነው፤ ቀኑን አሁኑኑ በመዝገባችሁ ላይ ጻፉት፤ ለተተኪያችሁ ሥልጣኑን በጽሑፍ ስጡት፤ በደረሳችሁበትም አገር የአገሩን ሰው፥ «እናንተ ጧት ጧት ምን ትበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚቀርብላችሁንም ሳትቸኩሉ ብሉ።

ባለቤቴ ከሐረር አንድ ከረጢት የቡና ገለባ ይዛ መጥታ ነበር። ማታ ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ታፈላዋለች፤ በዚያ ሰዓት በቤታችን ስልክ አይነሣም።