የበዓል እሳትና የቤት አያያዝ

የጌታችን የልደቱ በዓል ሲቃረብ በየቤቱ እሳት ይበዛል። ድፎው ይደፋል፤ እንጀራው ይጋገራል፤ ለዶሮው ወጥ ሽንኩርቱ ይቁላላል። ይህም ሁሉ የሚሠራው ቤተ ሰቡ ወደ ማኅሌት ሳይሄድ፣ በዋዜማው ጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ነው።

በዚያ ማታ መብራት ሲጠፋ ብዙዎቻችን ኃይል አነሰ እንላለን። ዳሩ ግን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ የመሰለ ታላቅ የኃይል ምንጭ ቢኖረንም፣ ኃይሉ ወደ ቤታችን የሚገባው በሰፈሩ ትራንስፎርመር በኩል ነው። ትራንስፎርመር እንደ ጠባብ በር ነውና መንደሩ ሁሉ ባንድ ሰዓት ምጣዱን ቢያግል ሊሸከመው አይችልም። ስለዚህ እንጀራውን ከዋዜማው አንድ ቀን አስቀድሞ መጋገር ለራስም ለጎረቤትም ይበጃል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል። ሁለት ሰዓት ቢሠራ በፈጀው ኃይል ባለ 10 ዋት አምፖል 700 ሰዓት ሊበራ ይችላል። እንግዲህ ቁጠባው ከምጣዱ መጀመር አለበት። ምጣዱ እስኪግል ድረስ ብዙ ኃይል ይበላል፤ ከጋለ በኋላ ግን ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ስለሆነም ሊጡን ሁሉ ባንድ ጊዜ መጋገር፣ የመጨረሻዋንም እንጀራ ምጣዱን አጥፍቶ በቀረው ሙቀት ማብሰል የባለሙያ ሴት ዘዴ ነው። ባንድ ግቢ የሚኖሩ ጎረቤቶች ባንዱ ምጣድ ተራ በተራ ቢጋግሩ ደግሞ ኃይሉም ይቆጠባል፤ ፍቅርም ይጸናል።

ወጡም አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳቱን ማብዛት ውሃውን ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምረውም። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምግቡ ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋል። ድስቱን ከድኖ እሳቱን መቀነስ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ስለ ከሰል ነው። መብራት ሲጠፋ የከሰሉን ምድጃ ወደ ቤት አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ መተኛት ነፍስን ያጠፋል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ መልክም ሽታም የለውምና የተኛውን ሰው ሳያነቃ ይገድለዋል። ከሰል በደጅ ይቀጣጠል፤ በደጅም ይጥፋ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም ምጣዱና ምድጃው መጥፋታቸውን አይተን እንውጣ።

ጌታችን 5,000 ሰዎችን በአምስት እንጀራ ካጠገበ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ። ማብዛት የሚቻለው አምላክ ትርፉ እንዲባክን ካልፈቀደ፣ እኛማ ምንኛ ልንጠነቀቅ ይገባናል! እንግዲህ ከመብራትና ከማገዶ የተረፈችው ገንዘብ ጥቂትም ብትሆን፣ በበዓሉ ቀን ጎጆው ሳይሞቅ ለሚውለው ጎረቤታችን ትድረሰው።