የበሬ ዋጋ ይዞ ጀልባ ግዢ

በፈረስ ቤት ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት የበሬውን ጥርስ ያያል፣ ትከሻውን በመዳፉ ይዳብሳል፣ ጥቂት አስነድቶ ከኋላ ሆኖ አረማመዱን ይመለከታል። ጨው ልሶ ውሃ ስለጠጣ ብቻ ሆዱ የተነፋውንም ከሩቅ ያውቀዋል። ይኸው ሰው ከበሬዎቹ አንዱን ሸጦ አሮጌ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ለመግዛት ባሕር ዳር ሲወርድ ግን ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው አዲስ በተቀባው ቀለም ላይ ነው። የሚከስረውም እዚያው ላይ ነው።

ለመሆኑ የደጋ ዳሞትን ሰው ከጀልባ ጋር ምን አገናኘው? የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ጎጃም ሐይቅ የማያውቅ አገር አይደለም። በሰሜን አቸፈርና በባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳዎች በኩል የጣናን ውሃ ይነካል። ከሰከላ የሚነሳው ግልገል ዓባይም ጉዞው ወደ ጣና ነው። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር እንዲያጠጣ ታስቦ ለመስኖ ቢሠራም ዓሣ ይሰገርበታል። የእርሻ መሬት ከአባት ወደ ልጅ ሲከፋፈል እየጠበበ በሄደበት አገር ወጣቱ ሁለት ሦስት ሆኖ ገንዘብ አዋጥቶ ወደ ውሃው ማየቱ የሚያስገርም አይደለም። ከፍኖተ ሰላም ተሳፍሮ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ አድርጎ ባሕር ዳር መግባት የሩቅ መንገድ የሚባል አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን ጥሬ ገንዘብ ቋጥሮ መንገድ መውጣት ሌላ ስጋት ጨምሯል። ገንዘቡ በባንክ ቢሄድ ይሻላል።

አዲስ ጀልባ ከነሞተሩ መግዛት ለዚህ ሰው የሚታሰብ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ወራት ሳይቆጠሩ ከ100 ብር አልፏል። የጀልባው አካል እዚሁ ባገር ልጅ ሊበየድ ይችላል፤ ሞተሩ ግን ባሕር ተሻግሮ ነው የሚመጣው። በመሆኑም ጥቂት ብር የያዘ ሁሉ ፊቱን ወደ አሮጌው ያዞራል፤ ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን ይቆልላል።

በጣና ላይ ከጥንት ጀምሮ የኖረው ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ነው። ታንኳ በመሥራቱም በመቅዘፉም የነገደ ወይጦ ሰዎች የታወቁ ናቸው። ዋጋው ቀላል ነው፤ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ነገር ግን ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ ሲመለስ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም በወራት እንጂ በዓመታት አይቆጠርም። ስለዚህ አሮጌ ታንኳ የሚሸጥለት ሰው የገዛው የማገዶ እንጨት ያህል ነው። ባለሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በብዛት የገቡት በ1978 ዓ.ም. የሆላንድ አብያተ ክርስቲያናት የእርዳታ ድርጅት ባቋቋመው የዓሣ ልማት ፕሮጀክት አማካይነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከዳር የማይርቀው አስጋሪ ወደ መሐል ሐይቅ መግባት ቻለ። ዛሬ ገዢው የሚመርጠው ከላሜራ፣ ከፋይበር ግላስና ከእንጨት ጀልባ ነው።

የላሜራ ጀልባ ሲታይ መዶሻና ማግኔት መያዝ ያስፈልጋል። ትንሽ መዶሻ ይዞ ከውሃው መስመር በታች ያለውን ላሜራ ቀስ እያሉ ማንኳኳት ነው። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ዝገት የበላው ይደነቁራል። ማግኔቱ ደግሞ ለስቱኮ ነው። ቀዳዳው በስቱኮ ተደፍኖ ቀለም ከተቀባ ዓይን አያየውም፤ ማግኔት ግን ስቱኮው ላይ ሲደርስ አይዝም። ሻጩ በዚህ ቢቆጣ ቁጣው ራሱ መልስ ነው።

ፋይበር ግላስ በሳንቲም ይንኳኳል። ከሁሉ በላይ የሚታየው ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ሳንቃ ነው። ውስጡ እንጨት ስለሆነ በብሎን ቀዳዳው ውሃ ገብቶ ይበሰብሳል። ሞተሩን በእጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ነው፤ ሳንቃው አብሮ ከተነቃነቀ ወይም በብሎኑ ዙሪያ ውሃ ካዠ፣ አንድ ቀን ሞተሩ ተገንጥሎ ሐይቅ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። እንጨት ለሆነው ወስፌ ይበቃል፤ ያለ ጉልበት የሚገባበት ቦታ የበሰበሰ ነው።

የገዢው ብር በአብዛኛው የሚያልቀው ግን ሞተሩ ላይ ነው። አካሉ ቢቀደድ ብየዳ አለ። ሞተር ሲሞት መለዋወጫ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ያስኬዳል፤ ያ ደግሞ ጀልባው ሳይሠራ ቆሞ የሚበላው ገንዘብ ነው።

ገዢው እንደ ደረሰ አስቀድሞ እጁን ሞተሩ ላይ ያሳርፍ። ትኩስ ከሆነ ሻጩ ቀደም ብሎ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ቀዝቃዛ ሆኖ አልነሳ የሚል ሞተር የሚደበቀው በዚህ መንገድ ነው። እንዲህ ከሆነ ምሳ በልቶ፣ ሞተሩ በርዶ መመለስ ነው። ከዚያ ገመዱን ራሱ ይሳብ። ያለ ትግል የሚሳብ ከሆነ ፋሻው አልቋል፤ ኮምፕሬሽን የለም። ካንዴላው ይፈታና ይታይ፤ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ በዘይት ጠቁሮ የራሰ ከሆነ ችግር አለ። ሞተሩ ሲሠራ ከጎኑ በቀጭኑ የሚፈሰው ውሃ ካልታየ የማቀዝቀዣው ፓምፕ አይሠራም፤ በዚያ ሁኔታ ደቂቃዎች እንኳ ማሠራት ማቃጠል ነው።

ከታች በማርሹ ሳጥን ውስጥ ያለው ዘይት ጠብ ተደርጎ ይታይ። እንደ ወተት ነጭ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። በጣና ይህ የሚደርስበት የታወቀ ምክንያት አለ፤ የናይለን መረብ ክር ፕሮፔለሩ ሥር ተጠቅልሎ ዘይቱን ከውሃ የሚለየውን የጎማ ቀለበት ይቆርጠዋል። የእምቦጭ ሥርም ፕሮፔለር እየጠመጠመ ሞተር ያስጨንቃል፤ አረሙ ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የሠራ ጀልባ በዚህ በኩል በጥንቃቄ ይመርመር። ሞተሩ ከቀይ ባሕር ዳርቻ የመጣ ከሆነ ደግሞ ጨው የበላው ነገር ሊኖር ስለሚችል የውስጡ የውሃ መንገድ መታየት አለበት። ጣና ለሞተር ደግ ውሃ ነው፤ ጨው የለውም።

ፈረስ ከተነሳ ዘንድ፣ የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ነገር ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በሞተሩ ክዳን ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው በባሕር ወለል ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። በየ300 ሜትሩ ሞተር ከጉልበቱ ከመቶ 3 ያህሉን ያጣል፤ አየሩ ስስ ነውና። ስለዚህ 25 ተብሎ የተሸጠው ጣና ላይ 20 ገደማ ነው፤ 15ቱም ከ12 ብዙም አይበልጥ። ታዲያ ትልቁን መግዛት ይሻላል? ጥቂት ብር ለያዘ ሰው አይሻልም። ባለ 25 የፈረስ ጉልበት ቤንዚን ሞተር ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው በሰዓት ወደ 10 ሊትር ይጠጣል፤ ባለ 15ቱ ከ6 ሊትር ብዙም አያልፍም። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ይህ ልዩነት የትርፍና የኪሳራ ልዩነት ሆኗል።

ሒሳቡን በብር ሳይሆን በዓሣ ማስላት ይቀላል። ገዢው ጀልባውን ከማየቱ በፊት ዓሣው ወደሚራገፍበት ዳርቻ ሄዶ ቀረሶና አምባዛ ለነጋዴ በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቅ፤ ሆቴል የሚከፈለውን ዋጋ አይደለም። ከዚያ ለአንድ ሊትር ቤንዚን ስንት ኪሎ ዓሣ እንደሚሄድ ያስላ። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት የሚሄድ ባለ 25 ሞተር 20 ሊትር ይፈልጋል፤ ያን ያህል ዓሣ የሚያዘው ለነዳጅ ብቻ ነው። የሠራተኛው ድርሻ፣ የሞተር ዘይቱና የመረቡ ጥገና ገና አልተቆጠረም።

ደግሞስ ዓሣው አለ ወይ? ባርበስ በሚል ስም የሚታወቁት ትልልቅ የጣና ዓሦች በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሳቸው በጥናት ተመዝግቧል። ዋናው ምክንያት ተብሎ የተጠቀሰው እንቁላል ሊጥሉ ወደ ወንዝ ሲወጡ በወንዞቹ አፍ ላይ በመረብ መጥመድ ነው፤ ጊዜውም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ሻጩ፣ «ይህ ጀልባ በክረምት በአንድ ሌሊት ዋጋውን መልሷል» ካለ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚያወራው ስለዚያ አዝመራ ነው። በዚያ ተስፋ የተገዛ ጀልባ ነገ የሚያሰግረው አያገኝም። በጀልባው ላይ ተመርቆ የሚሰጥ መረብም ካለ ዓይኑ ይለካ። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ምርቃት ሳይሆን ክስ ነው።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ ይነገር። በአዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ለንግድ ዓሣ ማስገር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ የሻጩ እንጂ የጀልባው አይደለም፤ ከጀልባው ጋር አብሮ አይሸጥም። በውስጥ ውሃ ላይ የሚሠሩ ጀልባዎችን ጉዳይ የሚከታተለው የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው። ጀልባው የማኅበር ከሆነ የአንድ አባል ፊርማ አይበቃም፤ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ይጠየቅ። የሞተሩ ቁጥር በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ውል የተፈረመበት ሞተርና ኋላ የተረከቡት ሞተር እንዳይለያዩ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ጀልባ ያለው ሰው አይቸኩልም፤ ገዢው ነው የሚጣደፈው። ከፋሲካ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ያን ጊዜ የገዛ ሰው ክረምቱን ለጥገና ይጠቀምበታል። ከያዘው ገንዘብም ከመቶው ሠላሳውን ያህል ለነዳጅ፣ ለመረብና ለመጀመሪያው ብልሽት ኪሱ ውስጥ ማስቀረት አለበት። ይህን ማድረግ የማያስችለው ጀልባ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለእርሱ ውድ ነው፤ ባለ መቅዘፊያ ትንሽ የእንጨት ጀልባ ገዝቶ ከዳር አቅራቢያ ቢጀምር ይሻለዋል።

ሁሉ ደህና ሆኖ ከተገኘም ቀብድ ከመሰጠቱ በፊት ጀልባው ውሃ ላይ ይውረድ። በባዶው አይደለም። አራት ሰው ይሳፈርበት፤ ንፋስ ያለበት ከሰዓት በኋላ ይመረጥ፤ አንድ ሰዓት ይሂድ። ሲመለስ ገዢው ጎንበስ ብሎ የጀልባውን ወለል በደረቅ ጨርቅ ይጥረግና ጨርቁን ይጭመቀው።