ጥያቄው በግሩፕ፣ መልሱ በዊኪ

 

የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የሚሰባሰቡባቸው የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ስለ ኮሃ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያው ሶፍትዌር፣ አንድ የማይሞት ጥያቄ አለ፦ «ኮሃ ላይ የመመለሻ ቀናቸው ያለፈ መጻሕፍትን ከነተዋሹ ስም እንዴት ነው የማወጣው?» አንድ ደግ ሰው ይመልሳል። ሌላው «ተባረክ ወንድሜ» ይላል። ከዚያ የበዓል መልካም ምኞት፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ ምንጩ የማይታወቅ ፒዲኤፍ ይደረደርና መልሱ ከሥሩ ተቀብሮ ይቀራል። ትንሽ ቆይቶ ያው ጥያቄ ከሌላ ሰው ይመጣል። ያ ደግ ሰው አንድ ቀን ይሰለቻል፤ ከዚያ በኋላ ግሩፑ «ሰው የለበትም» ይባላል።

ቴሌግራምን ልወቅስ አይደለም፤ እዚሁ ሆኜ ነው የምጽፈው። ግን ለመጠየቅ የሚመች ቦታ መልስ ለማስቀመጥም ይመቻል ማለት አይደለም። ለማስቀመጫው የተሠራ ሌላ ነገር አለ፤ ዊኪ ይባላል። ትብብር በተነሣ ቁጥር «ድር ቢያብር» ማለት ልማድ ስለሆነ እሱን ዘልዬ በቀጥታ ወደ ሥራው ልግባ።

ዊኪ ማለት የተፈቀደለት ሰው ሁሉ አንባቢም ጸሐፊም የሚሆንበት ድረ ገጽ ነው። ገጹ ላይ ስሕተት ካያችሁ «አርም» የሚለውን ተጭናችሁ ታስተካክላላችሁ፣ ታስቀምጣላችሁ፣ አለቀ። ለዌብሳይቱ ኃላፊ ደብዳቤ መጻፍ የለም። ዋናው ጉዳይ ግን ከጀርባው ያለው ነው። እያንዳንዱ ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደነካ ተመዝግቦ ይቀመጣል፤ የቀድሞው ጽሑፍ አይጠፋም፤ የተበላሸ ካለ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በብዙዎቹ ዊኪዎች ከእያንዳንዱ ገጽ ጋር ደግሞ የመወያያ ገጽ አብሮ ይኖራል። ይህን ነገር መጀመሪያ የሠራው ዋርድ ካኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው፤ መጋቢት 1995 እ.ኤ.አ. ፕሮግራመሮች ልምዳቸውን እንዲለዋወጡበት ከፈተው። ብዙዎቻችን የምናውቃት ዊኪፒዲያ የመጣችው ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ጥር 2001 እ.ኤ.አ. ነው።

ዊኪ ወደ ቤተ መጻሕፍት ዓለም የገባበትን መንገድ ስነግራችሁ አንዲት ሴት መጥቀስ አለብኝ። ሜሬዲዝ ፋርካስ ቨርሞንት ውስጥ ኖርዊች ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ ላይብረሪያን ነበረች። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በሰኔ 2005 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ዓመታዊ ጉባኤውን ሲያዘጋጅ፣ ማንም ሳያዛት ለተሰብሳቢዎች ዊኪ ከፈተች። የትኛው ስብሰባ የት እንደሆነ፣ የት ጥሩ ምግብ እንደሚበላ፣ ከኤርፖርት እንዴት እንደሚመጣ፣ በየስብሰባው ምን እንደተባለ ሰዉ ራሱ እየገባ ጻፈበት። በሚቀጥለው ወር ደግሞ «ላይብረሪ ሰክሰስ» የተባለውን ዊኪ ጀመረች፤ በየቤተ መጻሕፍቱ የተሞከረና የሠራ ነገር የሚሰበሰብበት። በዓመቱ ጉባኤው ከካትሪና ማዕበል ገና እያገገመች ወደነበረችው ኒው ኦርሊንስ ሲሄድ፣ ማኅበሩ ራሱ የጉባኤ ዊኪ ይዞ ቀረበ። አስቡት፤ አንዲት ባለሙያ ያለፈቃድ የጀመረችው ነገር በአንድ ዓመት ውስጥ የማኅበሩ አሠራር ሆነ። እኛ ጋ ቢሆን መጀመሪያ ኮሚቴ ይቋቋም ነበር።

ለእኔ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ አሳማኙ ምሳሌ የኮሃ ዊኪ ነው፤ በየቀኑ የምንሠራበት ሶፍትዌር ስለሆነ። ኮሃ ኒውዚላንድ ውስጥ ሆሮውኑዋ ለሚባል አካባቢ ቤተ መጻሕፍት የተሠራ፣ በጥር 2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ዛሬ በአገራችን በርካታ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀሙበታል። የኮሃ ማኅበረሰብ የራሱ ዊኪ አለው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ የኤስኪውኤል ሪፖርቶች ቤተ መጻሕፍት የሚሉት አንድ ረጅም ገጽ አለ። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ባለሙያዎች የጻፏቸው የሪፖርት ትእዛዞች እዚያ ተደርድረዋል፤ ማን እንደጻፈው፣ ለምን እንደሚያገለግል፣ እንደሚሠራና እንደማይሠራ ከጎኑ ተጽፎ። ያ የማይሞት ጥያቄያችን መልሱ እዚያ ተቀምጧል። ገልብጣችሁ ኮሃ ሪፖርት ክፍል ውስጥ ትለጥፉታላችሁ። ዳታ ይበላሻል ብላችሁ አትስጉ፤ ኮሃ በሪፖርት በኩል ማንበብ እንጂ መሰረዝም መለወጥም አይፈቅድም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። አይሻልም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮሃ 17.05 እትም ሙሉው የካታሎግ መዝገብ የሚቀመጥበትን ሠንጠረዥ ቀየረው። ከዚያ በፊት የተጻፉ፣ መዝገቡን ከቀድሞው ሠንጠረዥ ይፈልጉ የነበሩ ትእዛዞች በአንድ ጊዜ መሥራት አቆሙ። ዊኪ ላይ ያለው ትእዛዝ ይታረማል፣ ወይም «ከዚህ እትም በኋላ አይሠራም» ተብሎ ይጻፍበታል። በየስልካችን የተበተነው ፒዲኤፍ ግን እስከ ዛሬ ፎርዋርድ ይደረጋል።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ከሌላው ዓለም ሊገለብጡት የማይችሉት ዕውቀት አለ፤ በዋናነት ካታሎግ ክፍል ውስጥ።

ስምን ውሰዱ። የእኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ ስምና የአባቱ ስም ነው ያለው። ይህን የማያውቅ ሥርዓት ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ፣ ባሕሩ» አድርጎ ይመዘግባል፤ በዚህም የታሪክ ምሁሩን መጻሕፍት ለአባቱ ይሰጣል። ሁለት ቃል የሆነ ስም ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሚመዘገቡት በየትኛው ነው? አንዱ ማዕረጉን አስቀድሞ «ብላቴን ጌታ» ብሎ ይጀምራል፤ ሌላው «ኅሩይ» ይላል፤ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም ያደረገ ደግሞ «ሥላሴ» ሥር ያስገባቸዋል። «ወልደ ሥላሴ» ተያይዞ ይጻፍ ወይስ ተለያይቶ? «ኅሩይ» በየትኛው «ሀ»? ሥርዓቱ ሀ፣ ሐ እና ኀን እንደ አንድ እንዲያይ ካልተነገረው፣ «ህሩይ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ «የለም» የሚል መልስ አግኝቶ ይወጣል። መጽሐፉ ግን ከተማሪው ጀርባ ሼልፍ ላይ ነው።

ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት በፈረንጅ ከመስከረም 1965 እስከ መስከረም 1966 ይዘልቃል። አንዱ ቤተ መጻሕፍት 1958 ብሎ ይተወዋል፤ የፈረንጅ ዓመት መስሎት 1958 የሚያነብ አለ። ሌላው ስምንት ቀንሶ 1950 የሚያደርግም አይጠፋም፤ አቅጣጫው ተምታቶበት ማለት ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ መጽሐፉ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ጽፈህ የፈረንጁን ከጎኑ በቅንፍ አስቀምጥ ነው የሚለው፤ «1958 [1965 ወይም 1966]» እንደማለት። ውሳኔው ቀላል ነው። ችግሩ እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት ለብቻው መወሰኑ፣ የወሰነበትንም ምክንያት የትም አለመጻፉ ነው።

ውሳኔው የት ነው ያለው? አንድ አንጋፋ ካታሎገር ጭንቅላት ውስጥ፣ ቢበዛ መሳቢያቸው ውስጥ ባለ ደብተር። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ደብተሩ ከመሳቢያው ጋር ይወገዳል፤ አዲሱ ልጅ ሁሉንም ከዜሮ ይጀምራል። ዊኪ ላይ ቢሆን ደንቡ በዋናው ገጽ፣ ክርክሩ በመወያያው ገጽ፣ ለውጡ በታሪኩ ውስጥ ይቀመጣል። ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣ ሰው ደንቡን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደተደነገገም ያነብባል። የታተመ ማኑዋል ይህን አይነግረውም።

የሙያ ማኅበራት ላይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። ሥራ አስፈጻሚው በምርጫ ይቀየራል። ቃለ ጉባኤው የቀድሞው ጸሐፊ ላፕቶፕ ውስጥ፣ የኢሜይሉ ፓስወርድ የቀድሞው ሊቀ መንበር ስልክ ውስጥ ነው። ጉባኤ ያዘጋጀው ቡድን የአዳራሽ ኪራይ ከየት እንደተገኘ፣ እንግዶች በምን እንደተጓጓዙ የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ይበተናል፤ ዊኪ ላይ ቢጻፍ ለተተኪው ይቀር ነበር።

ይህን ሁሉ ስል ዊኪ ተከፈተ ማለት ሠራ ማለት እንዳልሆነ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዊኪ ተተከለ፣ ሥልጠና ተሰጠ፣ የምስክር ወረቀት ታደለ፣ የቡድን ፎቶ ተነሣ። ገጾቹ ዛሬም «በቅርቡ ይሞላል» እንዳሉ ናቸው። ምክንያቱ ቴክኖሎጂ አልነበረም። «ሁላችሁም ጻፉ» ተባለ እንጂ እገሌ ይጠብቀዋል አልተባለም። እድር የሁሉም አባል ነው፤ መዝገቡን የሚይዝ ግን አንድ ጸሐፊ አለው፤ ጸሐፊ የሌለው እድር ለቀብር ድንኳኑ ማን ጋ እንዳለ አያውቅም። ዊኪም በየሳምንቱ ገብቶ የተደጋገመውን የሚያዋሕድ፣ ያረጀውን የሚያነሣ፣ ማስታወቂያ ለመለጠፍ የመጣውን የሚያባርር ሰው ያስፈልገዋል። ይህ ደግሞ በሥራ መደቡ ዝርዝር ውስጥ መጻፍ አለበት፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ አይዘልቅም።

ሌላው እንቅፋት ይሉኝታ ነው። በእኛ ቢሮ ጽሑፍ ማለት ማኅተምና ፊርማ ያለበት ነገር ነው፤ የአለቃን ዓረፍተ ነገር መንካት ድፍረት ይመስላል። አንዲት ወጣት ካታሎገር አንድ የዊኪ ገጽ ከፍታ የጽሑፉን ባለቤት ስትጠይቃቸው ሰምቻለሁ፤ «ጋሼ፣ እዚህች ላይ ልንካው?» «ንኪው እንጂ ልጄ፣ ከተበላሸ ይመለሳል።» ከሁሉም ሥልጠና ያቺ መልስ ትበልጣለች። ኃላፊዎች ከሆናችሁ አንድ ገጽ ሳትጨርሱት፣ እንዲያውም የፊደል ግድፈት ሳታርሙ ልቀቁት። ሰው ባዶ ገጽ ላይ መጻፍ ይፈራል፤ የተሳሳተ ነገር አይቶ ዝም ማለት ግን ለካታሎገር ከባድ ነው።

ስለ ሶፍትዌር አጭር ነገር ልበል። ዊኪፒዲያ የምትሠራበት ሚዲያዊኪ ነፃ ነው፤ ግን ዳታቤዝና የሚያስተዳድረው ሰው ይፈልጋል። ለትንሽ ቤተ መጻሕፍት እኔ የምመርጠው ዶኩዊኪን ነው፤ አንድሬያስ ጎር የተባለ ጀርመናዊ በ2004 እ.ኤ.አ. የሠራው። ዳታቤዝ የለውም፤ እያንዳንዱ ገጽ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ባክአፕ ማለት ፎልደሩን ፍላሽ ላይ መገልበጥ ማለት ነው። ሁለቱም ኢንተርኔት ሳይኖር በግቢ ኔትወርክ ይሠራሉ፤ ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም። በሰው ሰርቨር ላይ በነፃ የሚሰጥ ዊኪ ስትጠቀሙ ግን ተጠንቀቁ። ዊኪስፔስስ ብዙ መምህራንና ላይብረሪያኖች የሚጠቀሙበት አገልግሎት ነበር፤ በ2018 እ.ኤ.አ. እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ገጾቹን በጊዜ ያላወረደ ሰው ሥራው አብሮ ተዘጋበት። የትም ክፈቱት፣ ገጾቹን ሙሉ በሙሉ ማውረድ መቻላችሁን መጀመሪያ ሞክሩ። የተዋሾች ስምና የሲስተም ፓስወርድ ደግሞ ዊኪ ላይ አይጻፍም፤ ይህ ክርክር የለውም።

የራሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት እጃችሁን ማፍታታት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ዊኪፒዲያ ላይ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ የላይብረሪያኖች ዘመቻ አለ። አንድ ላይብረሪያን፣ አንድ ዋቢ ነው ነገሩ፤ ምንጭ ለጎደለው ዓረፍተ ነገር ከሼልፋችሁ አንድ መጽሐፍ ጠቅሳችሁ መውጣት። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ዋቢ የሌላቸው ገጾች አያጥሩትም።

ለእኛ የጋራ ዊኪ ቢከፈት የመጀመሪያው ገጽ ምን ይሁን ለምትሉኝ፣ የእኔ ምርጫ የደራስያን ስም አመዘጋገብ ነው። ሥራውን ከአሁኑ እንጀምር። የራሳችሁን ካታሎግ ክፈቱና ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በምን ፊደል፣ በየትኛው ስም ሥር እንደተመዘገቡ ፈልጋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ጻፉልኝ። የቤተ መጻሕፍቱን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ አመዘጋገቡን እንዳለ ገልብጡት፣ ነጠላ ሰረዙም አይቅር።