የፒክአፕ ካሶኒ ሽፋን፦ ከመቀባቱ በፊት ዝገቱ ይታይ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ በሥራ ቀናት ማለዳ ከሚመላለሱት ተሽከርካሪዎች መካከል ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፖች ይገኙበታል። እነዚህ ተሽከርካሪዎች ሠራተኛንና ዕቃን በአንድነት ስለሚያጓጉዙ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ በፕሮጀክቶችና በግለሰቦች ዘንድ ተመራጭ ሆነው ቆይተዋል። ይሁን እንጂ ሞተራቸው ገና ብርቱ ሆኖ ሳለ፣ በተለምዶ ካሶኒ የሚባለው የጭነት ሣጥናቸው በዝገት ተበልቶ የሚታዩት ጥቂቶች አይደሉም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ፣ ከዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ጀምሮም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ይታወሳል። በዚህም የተነሣ በእጅ ያለን ተሽከርካሪ ዕድሜ ማራዘም ከቁጠባ አልፎ ሥራን ያለማቋረጥ የማስቀጠል ጉዳይ ሆኗል። ካሶኒን ከጉዳት ለመጠበቅ ከሚያገለግሉ ዘዴዎች አንዱ ባለንብረቱ ራሱ በሮለር ሊቀባው የሚችለው የካሶኒ ሽፋን ነው።

ካሶኒ ለምን ይዝጋል?

ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን በአንድነት ሲያገኙት ነው። ከፋብሪካ የተቀባው ቀለም ሁለቱንም ይከላከላል። ነገር ግን ድንጋይ፣ ብረታ ብረትና የነዳጅ በርሜል በኮረኮንች መንገድ ላይ ሲንገጫገጩ ቀለሙን ይፍቁታል። በአዲስ አበባ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ዝናብ በተፋቀው ቦታ ላይ ሲያርፍ ዝገቱ ይጀምራል። ጨው ወይም ማዳበሪያ ተጭኖ ካሶኒው ሳይታጠብ ሲቀር ደግሞ ርጥበት ስለሚስብ ጉዳቱን ያፋጥናል።

ይህን ለመከላከል ብዙዎች ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሽፋን ያስገባሉ። ፕላስቲኩ የዕቃን ምት በሚገባ ይመክታል። ሆኖም ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ባለመሆኑ በጉዞ ላይ እየተንቀጠቀጠ ቀለሙን ይፈትጋል፤ ከሥሩም አቧራና ውኃ ያጠራቅማል። ለዓመታት ሳይነሣ የቆየ ፕላስቲክ ሲነሣ ወለሉ ዝጎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በሮለር የሚቀባው ሽፋን ግን ከቀለሙ ጋር የሚጣበቅ ፖሊዩሬታን የተባለ ኬሚካል ሲሆን፣ በውስጡም የጎማ ፍርፋሪ ያላቸው ዓይነቶች አሉ። ከደረቀ በኋላ ሻካራና ጠንካራ ስለሚሆን ዕቃ እንዳይንሸራተት ያደርጋል፤ ከሥሩም ውኃ የሚያጠራቅም ክፍተት አይተውም።

ዋናው ሥራ ዝግጅቱ ነው

የሽፋኑ ጥቅም የሚወሰነው ከሥሩ ባለው ብረት ሁኔታ ነው። ሽፋን ዝገትን አያድንም። በዝገት ላይ ከተቀባ ዝገቱ በስውር እየሰፋ ይሄዳል፤ ሽፋኑም ከጊዜ በኋላ ከዝገቱ ጋር ተገንጥሎ ይነሣል። ከዚያ በፊት ግን ካሶኒው ከላይ ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ የፕላስቲክ ሽፋንና የገመድ ማሰሪያ ቀለበቶች ካሉ ይፈታሉ። ካሶኒው በሳሙናና በውኃ ከታጠበ በኋላ ዘይትና ግራሶ በሚያስለቅቅ ፈሳሽ ይጸዳል። መጽዳቱን ለማረጋገጥ ውኃ ማፍሰስ በቂ ነው፤ ውኃው ወጥ ሆኖ ከመፍሰስ ይልቅ ጠብታ እየሠራ ከቆመ ቅባቱ ገና አልለቀቀም ማለት ነው።

ቀጥሎ ማዕዘኖች፣ የብየዳ መጋጠሚያዎችና የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ዙሪያቸው በሚገባ ይፈተሻል። የተነፋ ቀለም በካቻቢቴ ጫፍ ጠቅ ተደርጎ ይታያል። ብረቱ ካልሳሳ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ የተገለጠው ብረት የኤፖክሲ ፕራይመር ይቀባል። ካቻቢቴው ብረቱን ከበሳ ግን ጉዳዩ የላሜራ ሠራተኛ ነው፤ የተበላው ተቆርጦ ካልተበየደ በቀር ሽፋን መቀባት ገንዘብን ማባከን ይሆናል።

ከዚህ በኋላ መላው ገጽ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። ሽፋኑ በለሰለሰ ቀለም ላይ ስለማይጣበቅ ይህ ደረጃ ሊዘለል አይገባም። አቧራው ተጠርጎ፣ አምራቹ ባዘዘው ማጽጃ ተወልውሎና ደርቆ ሲያበቃ የካሶኒው ጠርዞች በወረቀት ፕላስተር ይከለላሉ። የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎችም እንዳይደፈኑ ጥንቃቄ ይደረጋል።

አቀባቡ

የአንድ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ካሶኒ ወለሉ በግምት 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር ሲሆን፣ ግድግዳዎቹና የኋላ መዝጊያው ሲታከሉ የሚቀባው ስፋት ወደ 5 ካሬ ሜትር ይጠጋል። 1 ጋሎን ወይም 3.8 ሊትር ያህል ሽፋን በዚህ ስፋት ላይ በ2 ዙር ቢቀባ፣ ርጥብ እያለ ውፍረቱ 0.75 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል።

በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት ሽፋኖች አሉ። አንደኛው በአየር ውስጥ ባለው ርጥበት የሚደርቅ ሲሆን፣ ሌላው ከማድረቂያ ፈሳሽ ጋር የሚቀላቀል ነው። የሁለተኛው ዓይነት ከተቀላቀለ በኋላ በጣሳው ውስጥ መጠንከር ስለሚጀምር በአንድ ጊዜ የሚቀባውን ያህል ብቻ ማዘጋጀት ይገባል። የጎማ ፍርፋሪ ያለው ሽፋን ፍርፋሪው ወደ ታች ስለሚዘቅጥ በየጊዜው መማሰል አለበት።

ማዕዘኖችና መጋጠሚያዎች አስቀድመው በብሩሽ ይቀባሉ። ከዚያም ግድግዳዎቹ፣ በመጨረሻም ወለሉ ከጋቢናው በኩል ተጀምሮ ወደ ኋላ መዝጊያው እየተመጣ በሮለር ይቀባል። አንድ ወፍራም ዙር ከመቀባት ይልቅ ሁለት ቀጫጭን ዙሮች ይመረጣሉ። ሁለተኛው ዙር በአምራቹ መመሪያ በተገለጸው የጊዜ ገደብ ውስጥ ይቀባል። የወረቀት ፕላስተሩ ሽፋኑ ሳይጠነክር መላጥ አለበት። ከባድ ጭነት ለመጫን ብዙውን ጊዜ 3 ቀናት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኙት የአዲስ አበባ ክፍሎች ሌሊቱ ቀዝቃዛ በመሆኑ የሥራው ጊዜም ሊታሰብበት ይገባል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ደረቅ ወራት፣ ጤዛው ከለቀቀ በኋላ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ቢሠራ ይመረጣል። በክረምት ግን ጣሪያ በሌለው ግቢ ውስጥ መጀመሩ አይመከርም።

የጤና ጥንቃቄ

አብዛኞቹ የፖሊዩሬታን ሽፋኖች አይሶሲያኔት የሚባሉ ኬሚካሎችን ይይዛሉ። እነዚህ ዓይንን፣ ቆዳንና የመተንፈሻ አካልን ከማስቆጣታቸውም በላይ ለአስም ሊዳርጉ እንደሚችሉ ይታወቃል። አንድ ጊዜ የተቆጣ አካል ከዚያ በኋላ በጥቂት መጠን እንኳ ሊታመም ይችላል። የአስም ሕመም ያለበት ሰው ይህን ሥራ ባይሠራ ይመረጣል።

በሮለር መቀባት በኮምፕሬሰር ከመርጨት ያነሰ ብናኝ ያወጣል፤ ይህ ማለት ግን አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ሥራው በተዘጋ ጋራዥ ሳይሆን አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ መከናወን አለበት። የእጅ ጓንት፣ የዓይን መከላከያና ለኬሚካል ትነት የተሠራ ባለ ማጣሪያ ጭንብል ያስፈልጋሉ፤ የጨርቅ ወይም የአቧራ ጭንብል ትነቱን አያግድም። ትነቱ ተቀጣጣይ በመሆኑ ሲጋራ፣ የከሰል ምድጃና ብየዳ በአቅራቢያው ሊኖሩ አይገባም። ሕፃናትም ከአካባቢው እንዲርቁ መደረግ አለበት።

የመንግሥት ተሽከርካሪ ሲሆን

የመንግሥትን ንብረት በአግባቡ የመያዝ ኃላፊነት በግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001፣ በኋላም ይህንን በተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተመልክቷል። በመሆኑም ተሽከርካሪውን የተረከበ ሠራተኛ ወይም ሹፌር በራሱ ውሳኔ ሽፋን ከመቀባት ይልቅ ጉዳዩን ለመሥሪያ ቤቱ የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ክፍል ማቅረብ ይኖርበታል።

ሥራው በጋራዥ የሚከናወን ከሆነም ካሶኒው ተፍቆ፣ ገና ሳይቀባ አንድ የመሥሪያ ቤቱ ተወካይ ቢያየውና ፎቶግራፍ ተነሥቶ በተሽከርካሪው ማኅደር ቢቀመጥ መልካም ነው። ምክንያቱም ሽፋኑ ከተቀባ በኋላ ዝገቱ መወገዱን ወይም መደበቁን በዓይን ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። ክፍያ የሚፈቅደው ኃላፊ፣ ተሽከርካሪውን ወደፊት የሚረከበው ሠራተኛና በመጨረሻ በጨረታ የሚገዛው ዜጋ የሚተማመኑት በዚሁ መረጃ ላይ ይሆናል።

በአግባቡ ተዘጋጅቶ የተቀባ ካሶኒም ቢሆን እንክብካቤ አይቀርለትም። ጨውና ማዳበሪያ ከተጫነ በኋላ መታጠብ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትም መፈተሽ ይኖርበታል። የተላጠ ቦታ ከተገኘ ሳይውል ሳያድር ፍቆ መልሶ መቀባት፣ ቆይቶ መላውን ካሶኒ ከመቀየር ወጪ ያድናል።