ዝናብ ሲዘንብ የሚበራው መብራት

በጥር ወር፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ አንዲት እህት ዶራ ካለ ጋራዥ ደወለችልኝ። የምትሠራላቸው ማዳም በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ መኪናቸውም አሮጌ ናት። ቢጫው የሞተር መብራት ይበራል፣ ከቀናት በኋላ በራሱ ይጠፋል። መካኒኩ "ካታሊስቱ ይቀየር" ብሏል። ዋጋው ከወር ደመወዟ ይበልጣል። ማዳምም "የዚህ ወር ደመወዝሽ ይቆየኝ" ብለዋታል። የእናቷ መድኃኒት ግን ወር አይጠብቅም።

የቤት ዐረብኛ ከእኔ በላይ ታውቃለች። የጋራዥ ዐረብኛ ግን እኔንም ዩኒቨርሲቲ አላስተማረኝም። መካኒኩ "መቼ ነው የሚበራው?" ሲል ማዳም አላስታወሱም። ሁልጊዜ አጠገባቸው የምትቀመጠው እሷ ግን መለሰች፦ "ሲዘንብ፣ ወደ ብሩማና ዳገቱን ስንወጣ። ያኔ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች።"

ነገሩን የፈታው ይህ መልስ ነው።

መብራቱ ጠፋ ማለት ችግሩ ተወገደ ማለት አይደለም። የመኪናው ኮምፒውተር ብልሽቱን በኮድ ይመዘግባል። ብልሽቱ ለሦስት ጉዞ ያህል ካልተደገመ መብራቱ ይጠፋል፤ ኮዱ ግን ለብዙ ጉዞ ተመዝግቦ ይቆያል። ከ1996 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ፣ ከ2001 ወዲህ ደግሞ ለአውሮፓ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ኮዱን በአንድ ዓይነት መሣሪያ ያስነብባሉ። ባትሪው ከተነቀለ ግን መረጃው ሊጠፋ ይችላል።

ኮዱ ሲነበብ ፒ 0301 ወጣ፤ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። መካኒኩ የአንደኛውን ሲሊንደር ቦቢን ከሁለተኛው ጋር አቀያየረና ውኃ በስሱ ረጨበት። ኮዱ ወደ ፒ 0302 ተዛወረ። የተሰነጠቀው ቦቢን እርጥበት ሲያገኘው ኤሌክትሪክ ያፈስ ነበር። አንድ ቦቢን ተቀየረ፤ ካታሊስቱ አልተነካም።

እናንተም ከአሠሪ ጋር ጋራዥ ብትሄዱ ወይም የራሳችሁ አሮጌ መኪና ቢኖራችሁ፦

መብራቱ የበራበትን ቀን፣ ዝናብ መኖሩን፣ ዳገት መሆኑን፣ ቤንዚን ተቀድቶ እንደነበር ጻፉ። የነዳጅ ክዳን በደንብ አለመዘጋቱም መብራቱን ሊያበራው ይችላል።

"ሹ ልኮድ?" (ኮዱ ምንድን ነው?) ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ሳትጽፉ እንዳያጠፋው "ማ ትምሒ" (አታጥፋው) በሉት። ካንዴላ እዚህ "ቡጂ" ይባላል።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን መጓዝ አያስፈልግም። ያልተቃጠለ ነዳጅ ካታሊስቱን ያበላሻል፤ ያኔ ያ ትልቅ ወጪ እውነት ይሆናል።

ስለ ደመወዝም አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሊባኖስ የቤት ሠራተኞች የሥራ ውል ደመወዝ በየወሩ መጨረሻ ሳይዘገይ እንዲከፈል ያዛል። የመኪና ጥገና ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም።

ያቺ እህት ደመወዟን በጊዜው ተቀበለች። አሁን ማዳም ጋራዥ ሲሄዱ "አንቺም ነይ፣ አንቺ ታስታውሻለሽ" ይሏታል።